የተገለበጠው አደራ

በአንድ ወቅት፣ ሞጣ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ፊቱን አደራ የሚያስቀምጥበት ቤት ነበረ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ እንየው ይባላሉ፤ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ፣ ክርስትና የተነሳውን ሕፃን ከነክርስትና እናቱ፣ ለሥራ ወደ ሩቅ የሚሄደውን ጎረምሳ ከነሻንጣው ያነሱት እሳቸው ናቸው። የፊልሙን ዘመን ኔጋቲቭ ምስጥ ሲጀምረው የተረፈውን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት፤ ኔጋቲቩንም ኋላ ምስጥ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ የሞጣና የአካባቢው ሰው ፊት ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሲሞትም ቤተሰቡ ለለቅሶው የሚያቆመውን ፎቶ ፍለጋ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር። ጋሽ እንየው «ፎቶው የኔ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ለባለቤቱና ለቤተሰቡ ካልሆነ ለማንም አይሰጡም፤ ቅጂም ከቤቱ እንዲወጣ አይፈቅዱም።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የበኩሩ ስማቸው ይባላል፤ ባሕር ዳር ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ይኖራል። ታናሹ ምንይችል እዚያው ሞጣ ባጃጅ ይነዳል። የአባቱ ዓይን መድከም ሲጀምር «ና አግዘኝ» ቢሉት፣ «የሞተ ሰው ፎቶ እያገላበጥኩ አልኖርም» ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የስቱዲዮውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መካከለኛዋ ትብለጥ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ዓይን ትሆናቸዋለች። ኋላ የመጣው ነገር ከሁሉ ይልቅ የከበደው በእሷ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነበር። ሲስተሙም ፎቶውም ያለበት ዲስክ ጢም ብሎ ስለሞላ፣ ጠዋት ሲያስነሱት ባለጉዳይ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ አይከፈትም። አንዳንዴም አዲስ ፎቶ አልቀበልም ይላል። ትብለጥ ከባሕር ዳር ትልቅ ዲስክ ላስመጣና ልቀይረው አለች። አባቷ አልወደዱትም።

«ቢያዘግምም ከድቶኝ አያውቅም» አሉ።

ለእሷ ግን ሥራው ለተማሪዎቿ በየዓመቱ የምታሳየው ቀላል ነገር ነው። በድሮው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ከዚያ አዲሱ በድሮው ቦታ ይገባል፤ በቃ። አስቀድሞ ሌላ ቦታ ተጨማሪ ቅጂ ማስቀመጥ እንደሚገባም ታውቃለች፤ ተማሪዎቿን ሳትሰለች የምትመክረው ይህንኑ ነው። በራሷ እጅ ሲሆን ግን አስፈላጊ መስሎ አልታያትም። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጨርሰዋለሁ ብላ አባቷን አሳመነቻቸው።

ሁለቱን ዲስኮች አገናኝታ የመገልበጫውን ፕሮግራም ከፈተች። ፕሮግራሙ ከየትኛው ወደ የትኛው ልገልብጥ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ስለሆኑ የሁለቱም ስም ተመሳሳይ ነበር። መጠኑን ልብ ሳትል መረጠች። ቀጥሎ፣ መድረሻው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ አላት። አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው ዝናብ ስለበተነው የአንድ ሰው ሠርግ እያወሩላት ነበር፤ እሷም እየሳቀች «አዎ» የሚለውን ነካች። ሰዓታት ይፈጃል ያለችው ሥራ የቀዳችው ሻይ ሳይበርድ አለቀ። ዞር ብላ ስታጣራ፣ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ገልብጣዋለች።

«አለቀ?» ብለው ጠየቋት አባቷ።

«አለቀ» አለች።

ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ቀና ብላ የአባቷን ፊት ማየት ተሳናት። ዓይናቸው ደክሞ ፊቷን አጥርተው ስለማያዩት ደግሞ ይበልጥ አፈረች፤ የሚያይ ሰው ቢሆን ኖሮ ሳትናገር ያውቅባት ነበርና።

በማግስቱ ለአባቷ ሳትናገር ዲስኩን ይዛ ባሕር ዳር ሄደች። የጠፋ ነገር ከዲስክ ላይ የሚያወጡ ሰዎች የቻሉትን ሁሉ ሞከሩ። የወጣው ግን የፎቶዎቹ ስም ብቻ ነበር። የእገሌ ሠርግ፣ የእገሊት ምርቃት እያለ ስሙ ይደረደራል፤ ሲከፍቱት ግራጫ ነው እንጂ ፊት የለውም። ትብለጥ ከዚያ ወጥታ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሞተ በይ» አላት ስማቸው። «ማንም አይጠይቅሽም።»

በአውቶቡስ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ቃል በሆዷ ስትለማመደው መጣች። ሞጣ ስትደርስ አንዲት እናት፣ እማማ የዝና፣ ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልጃቸው ለሥራ በሄደበት በመኪና አደጋ ሞቶ አርባው ቀርቧል። ከመሄዱ በፊት እዚህ ቤት አንድ ፎቶ ተነስቶ ስመለስ ይታተምልኛል እንዳለ ቀርቷል፤ እናቱ የመጡት ያንን ሊወስዱ ነበር። ትብለጥ የተለማመደችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። እማማ የዝና ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀደሟት።

«እኔስ ፊቱ አይጠፋብኝም። የልጄ ልጅ ግን ገና ጡት አልጣለም፤ አባቱን በምን ያውቀዋል ብዬ ነው።»

የተለማመደችውን ቃል ተወችው።

«እማማ፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ» አለች።

አልጮኹም፤ አልረገሟትምም። ተነሱ፤ ቀሚሳቸውን አራግፈው ቁልቁል ሄዱ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። ጋሽ እንየው ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ስትገባ አልተቆጧትም፤ አደራ ያስቀመጡት ሰዎች ይወቁት ብቻ አሉ።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ትብለጥ ዳኛውን አስፈቅዳ ቆመች። ከፊቷ የተቀመጡት የተማሪዎቿ ወላጆች፣ የልጅነት ጓደኞቿ እናቶች፣ ሠርጓ ላይ የበሉ ሰዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ እንዳልሞተ፣ የገደለችው እሷ እንደሆነች፣ አባቷ አስጠንቅቀዋት እንደነበረ፣ ለሌላው የምታስተምረውን ጥንቃቄ ራሷ እንደናቀችው ተናገረች። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የአባቴ ፊት ያለው እዚያ ብቻ ነበር» አሉ። ትብለጥ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰው ተነስቶ እስኪያልቅ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በሩ ላይ አንዳንዱ ትከሻዋን ነካ አድርጓት አለፈ፤ ብዙው በሌላኛው በኩል ዞሮ ወጣ።

ወሬው ባሕር ዳር ለመድረስ አልዘገየም። ስማቸው ሱቁን ዘግቶ መጣ። አባቱ ከእድሩ ሽማግሌዎችና ከትብለጥ ጋር ተቀምጠው ሳለ ገብቶ ሰላምታ ሰጠና ከኮቱ ኪስ አንዲት ትንሽ ዲስክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከጠፉት ፎቶዎች አብዛኞቹ እዚህ አሉ አለ።

«መቼ ወሰድከው?» አሉ ጋሽ እንየው።

አልደበቀም። ከዓመታት በፊት ለፋሲካ መጥቶ ሳለ፣ አባቱ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ገልብጦ ነው የወሰደው። ባሕር ዳር ለሚኖሩ የሞጣ ሰዎች አባዬ የላከልኝ ነው እያለ፣ እያተመ ሲሸጥ ኖሯል። እህቱ ሱቁ መጥታ ስታለቅስ እንኳ ዲስኩ እሷ የተደገፈችው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም፤ እጁ ግን የኮቱን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ ነበር። ዝም ብሎ ቢቀር መስረቁን ማንም አያውቅበትም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ እንየው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትብለጥ በዚያች ደቂቃ የከተማው ሰው ፊት ሲመለስ እያየች ደስታውን አጣችው። አባቷ ከአንድ ልጃቸው ጥፋት ሳይወጡ ሌላው ሲጨመርባቸው፣ ለመጀመሪያው ሰበብ የሆነችው እሷ ናትና።

ታናሹ ምንይችል ነገሩን የሰማው ባጃጁ ውስጥ ከተሳፋሪ አፍ ነው። ተሳፋሪውን ካደረሰ በኋላ ማንንም ሳያማክር ስቱዲዮው ገባና የአባቱን ካሜራ ጠየቀ። ጋሽ እንየው የተሰቀለበትን በእጃቸው አሳዩት። የስማቸው ዲስክ የኋለኞቹን ዓመታት ፎቶዎች አልያዘም። ምንይችል እነሱን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። ትብለጥ እድሩ ላይ ተናግራ ስለነበር የመጣበትን ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ሰው ሣጥኑን እየከፈተ ያሳየው ነበር። ከግድግዳ የወረደውን፣ ከመስተዋት ላይ በእርጥበት የተጣበቀውን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ መካከል የተቀመጠውን በር ላይ ብርሃን ባለበት አስቀምጦ በካሜራው ያነሳና ለባለቤቱ ይመልሳል። ባጃጅ ከማይገባበት ቀበሌ በእግሩ ሄደ። ክረምቱ ገባ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደረሰ፤ እሱ ግን አልተወም።

አንድ ቤት ውስጥ የሠርግ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከሚዜዎቹ ኋላ አንገቱን ያሰገገ ጎረምሳ አየ። የእማማ የዝና ልጅ ነው። ግማሹን ፊት የሚዜ ትከሻ ጋርዶታል። ትብለጥ ያንን አጉልታ አሳተመችና ሁለቱ አብረው ወሰዱላቸው። እማማ የዝና ወረቀቱን ወደ ደጅ አውጥተው ብዙ ካዩት በኋላ «ዓይኑ እሱ ነው» አሉ። አርባው ግን ካለፈ ቆይቷል። ሲመለሱ ትብለጥ ወንድሟን ይህን ሁሉ ለምን እንደለፋ ጠየቀችው።

«አባዬ ሲጠራኝ ያልሄድኩትን ነው አሁን የምሄደው» አላት።

ሥራው እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። ትብለጥ የተመለሰውን ሁሉ በአዲሱ ትልቅ ዲስክ ላይ በየዓመቱና በየስሙ አደራጀች፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ቅጂም አስቀመጠች። ከየትም ያልተገኙ ፎቶዎች ነበሩ፤ የፎቶዎቹን ስም ሳታጠፋ ባዶውን ቦታ ተወችላቸው። ኮምፒውተሩ አሁን ሰው ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ይከፈታል። ባለጉዳዮች ፍጥነቱን ሲያደንቁላት ትብለጥ አንገቷን ትደፋለች።

ዓመቱ ሲዞር የጋሽ እንየው ዓይን ጨርሶ ጨለመ። ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ አደራ ለሦስት ስለማይከፈል የቤቱን ቁልፍ ከልጆቼ ለአንዱ እንድሰጥ ምከሩኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ ስማቸው ይሁን አለ፤ የብዙውን ሰው ፊት ያዳነው እሱ ነው፣ ክብሩን ሰውቶ ሌባ ነኝ ያለውም ማንም ሳያስገድደው ነው። ሌላው ይህን አልተቀበለም፤ የአባቱን አደራ የሸጠ ሰው ነገም ይሸጣል፣ ሌብነቱ የጠቀመን በአጋጣሚ ነው አለ። ለምንይችል የቆመው፣ አደራ ማለት ሰው ደጅ ድረስ መሄድ ነው፣ የሄደውም እሱ ብቻ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ አባቱ ዓይን ሲለምኑት ጥሏቸው የሄደ ልጅ አንድ ክረምት ስለለፋ አይታመንም አለው። ትብለጥ ለእኔስ አይገባም ብላ ለመነቻቸው። ያን ጊዜ እድሩ ላይ የአባቴ ፊት እዚያ ብቻ ነበር ያሉት ሽማግሌ ተነሱና፣ ውሸቱ ተዘጋጅቶላት ሳለ እውነቱን የተናገረች እሷ ናት፣ አደራን ከሁሉ አስበልጦ የሚጠብቅ አንድ ጊዜ ያፈረ ሰው ነው አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ግን ያፈረ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያጠፋችው ደግሞ ፈርታ ሳይሆን ንቃ ነው ብለው መለሱላቸው።

ጋሽ እንየው ሁሉንም አዳምጠው ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሦስቱ ልጆች ከፊታቸው ቆመዋል፤ አንዳቸውም እጁን አልዘረጋም።

እንግዲህ ሰሚዎች፣ ነገሩ በእናንተ እጅ ነው። ሰርቆ ያተረፈው፣ አጥፍታ ያልዋሸችው፣ ዘግይቶ የደከመው፤ የሰዉን ፊት አደራ ለመቀበል ከሦስቱ ለማን ይገባል?