ለእመት ጃርት ጉድጓድ የቆመው ጠበቃ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ ጆሯችሁን ክፈቱላትና ትግባ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ እንስሳትም ድንጋዮችም በሚናገሩበት ጊዜ፣ በአንድ ኮረብታ ሥር እመት ጃርት የምትባል ነበረች። ከሁለት ልጆቿ ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትኖር ነበር። በጋው ሲገባ እህቷ ታመመችባትና ልጆቿን ይዛ ልታስታምማት ወንዝ ተሻግራ ሄደች። ስትመለስ ከርከሮ ጉድጓዷ ውስጥ ተጋድሞ አገኘችው።

«አያ ከርከሮ፣ ይሄ እኮ ቤቴ ነው» አለችው።

«በጥርሴ የቆፈርኩት የራሴ ቤት ነው። ካላመንሽ ክሰሺኝ» አላት።

ክረምቱ እየቀረበ ነበር። ልጆቿን ቁጥቋጦ ሥር አስጠግታ ዳኛው ዝሆን ዘንድ ሄደች። ነገር ግን እመት ጃርት ስትፈራ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ እሾኋ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንኳኳል፣ ድምጿም አይሰማም። ከተናገረችው ሁሉ ዳኛው የሰሙት «የቆፈርኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነበር።

«ጠበቃ ይዘሽ ነይ» ብለው ቀጠሮ ሰጧት።

መጀመሪያ ጦጣ ዘንድ ሄደች። «ቤቴን...» ስትል ጦጣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለና «ገባኝ» አላት። «ከርከሮ...» ስትል «ገባኝ ብዬሻለሁ» አላት። በቀጠሮው ቀን ጦጣ ዳኛው ፊት ቆሞ «ይህች ምስኪን ከዛፏ ላይ ተባረረች» ብሎ ጀመረ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

ሁለተኛ ቁራ ዘንድ ሄደች። «ለእኔ ተዪው። ተረትቼ አላውቅም» አላት።

«ጉድጓዱን መጥተህ አታየውም?»

«ምን ሊያደርግልኝ?»

የቀጠሮው ቀን እመት ጃርት ሰማይ ሰማይ ስታይ ዋለች። ቁራ አልመጣም። ዳኛው ዝሆን ጆሯቸውን አራገቡና «በሚቀጥለው የሚናገርልሽ ካልመጣ ለከርከሮ እፈርዳለሁ» አሏት።

እመት ጃርት መንገድ ላይ ስታለቅስ ቆቅ አገኘቻትና «አባ ኤሊ ዘንድ ሂጂ። አካሄዳቸው ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ግን ያዳምጣሉ» አለቻት።

አባ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋይ ልብሳቸው አወጡና «ተቀመጪ ልጄ። ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሏት። ልትናገር ስትል እሾኋ ተንኳኳ። ጠበቋት። እንደገና ስትጀምር እንደገና ተንኳኳ። አሁንም ጠበቋት። በሦስተኛው እሾኋ ጸጥ አለ፤ ነገሯን እስከ መጨረሻው ተናገረች።

«ስትገቢና ስትወጪ ያየሽ ማን ነው?»

«ከደጃፉ ድንጋይ በቀር ማንም የለም።»

«ስንት ዓመት ኖርሽበት?»

«ሰባት።»

«የቆፈርሽውስ አንቺ ነሽ?»

እመት ጃርት መሬት መሬት አየች። «አይደለሁም አባቴ። አዋልዲጌሳ የሚበላውን ምስጥ ፍለጋ ቆፍሮ ጥሎት የሄደ ነው። ባዶውን አግኝቼ ገባሁበት። ዳኛው ፊት ስቆም ግን ፈራሁና አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን «እንኳን ነገርሽኝ» አሏት። «ድንጋዩ እውነቱን ሲመሰክር ዳኛው አንቺንም ውሸታም ይሉሽ ነበር። እንግዲያው እኛው ቀድመን እንናገረዋለን።»

«እናሸንፋለን?»

«አላውቅም። የማውቀውን እነግርሻለሁ፤ በማላውቀው ግን አላጽናናሽም።»

የሚገርመው፣ ተስፋ ሳይሰጧት ደረቷ ቀለል አላት። ያን ቀን ከልጆቿ ጋር ሥራ ሥር ቆፍራ ጠግባ በላች። አባ ኤሊም ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዘው ጉድጓዱን አይተው፣ ድንጋዩንም አነጋግረው ተመለሱ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባ ኤሊ ዳኛው ቦታውን እንዲያዩ ለመኑ፤ ሁሉም ወደ ኮረብታው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ አባ ኤሊ እንዲህ አሉ፦ «ደንበኛዬ ቆፈርኩ ያለችው ፈርታ ነው፤ እውነት አይደለም። የቆፈረው አዋልዲጌሳ ነው። ሰባት ዓመት የኖረችበት ግን እሷ ናት።»

ከርከሮ ሳቀ። «ሰማችሁ? ውሸቷን አመነች።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ዳኛው። «አንተስ ማን ቆፈረው ትላለህ?»

«እኔ ነኛ።»

አባ ኤሊ ወደ ድንጋዩ ዞሩ። «ያየኸውን ተናገር።»

ድንጋዩ ተናገረ። «እኔን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ አልነበረም። አዋልዲጌሳ ሲቆፍር አይቻለሁ፤ ጥሎ ሲሄድም አይቻለሁ። ይህች እናት ሰባት ዓመት ስትገባና ስትወጣ እሾኋ ጎኔን ፍቆታል። ከርከሮ የመጣው ዘንድሮ ነው፤ እሱም እሷ በሌለችበት።»

ዳኛው ዝሆን በኩምቢያቸው የድንጋዩን ጎን ዳበሱ። ጭረቱ ከላይ እስከ ታች ነበር። ከርከሮ አቀረቀረ።

«ቤቱ የእመት ጃርት ነው። ከርከሮ አሁኑኑ ይውጣ» ብለው ፈረዱ።

ልጆቿ ተሽቀዳድመው ገቡ። እመት ጃርት ከኋላቸው ገብታ ወለሉ ላይ ተዘረጋችና እፎይ አለች። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ እነሱ ደረቅ አፈር ላይ ተኝተው ድምፁን ሰሙ።

ዝናቡ ሲያባራ ቆቅ መጥታ «ፍርዱን ስትሰሚ እንዴት ደስ ብሎሽ ይሆን» አለቻት።

«ደስ ብሎኛል» አለች እመት ጃርት። «ሸክሜ የቀለለኝ ግን ያን ዕለት አይደለም። አባ ኤሊ ነገሬን ያስጨረሱኝ ቀን ነው።»

እንግዲህ እናንተም ጠበቃ ስትፈልጉ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያዳምጠውን ፈልጉ፤ ስታገኙትም የምታፍሩበትን ሳይቀር ንገሩት። እኔ እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ ቀጣዩን ተረት ከእናንተ ልስማ።