አስፋልት ላይ ደህና የነበረችው መኪና

አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ፤ ጋሽ ዘውገ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን መሪ ይዘው የጨረሱ፣ ሰው "ቀስ በሉ" ሲላቸው የሚስቁ ሰው ናቸው። በስተርጅና የቀራቸው ሥራ አንድ ነው፤ እሑድ እሑድ በትንሿ መኪናቸው ከከተማው ዳር የምትኖረውን እህታቸውን ቤተ ክርስቲያን ማድረስ። እህትየው እግሯን ካመማት ቆይቷል። "የኔ እግር ወንድሜ ነው" ትላለች፤ እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይነፋል።

ታዲያ ወደ እህታቸው ቤት የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ኮረኮንች ስላችሁ ጥርስ የሚያረግፍ! አንድ እሑድ እዚያ ላይ ፍሬን ቢይዙ መኪናዋ አልቆም ብላ የሰው አጥር ጥሳ ገባች። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። "ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠና ለቀቀኝ" አሉ ጋሽ ዘውገ።

መኪናዋ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ በክሪክ አነሳት፣ ጎማዋን አሽከረከረ፣ አስፋልት ላይ አውጥቶ ፍሬን ያዘ። ቀጥ አለች። "ምንም የላትም" ብሎ መለሳት።

ልጆቻቸው ተሰበሰቡ። የበኩር ልጃቸው ዳግም፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "አባዬ፣ መኪናዋ ደህና ናት አሉ እኮ። እንግዲህ... ዕድሜም አለ" አለ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ አባቱን ስለሚወድ ነው የፈራው። ፍቅርም ግን አንዳንዴ ይቸኩላል። ጋሽ ዘውገ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መኝታ ቤታቸው ገቡ።

የመጨረሻ ልጃቸው ምንትዋብ ግን አንጀቷ አልቻለም። በማግስቱ ቁልፉን አንስታ "ተነስ አባዬ፣ እንሂድ" አለቻቸው።

"ወዴት?"

"አልቆም ወዳለችበት ነዋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርጋል?"

"ተይ ልጄ፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ።"

"ካረጀህም አብረን አይተን እንመለሳለን። ተነስ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ሳቁና ተነሱ።

ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ መሪውን እሷ ያዘች። ሰው የሌለበት ቦታ መርጣ፣ በቀስታ እየነዳች፣ ፍሬን ረገጠች። ፔዳሉ ግርርር ብሎ እግሯን ገፋት፤ መኪናዋም ማን ነክቶኝ ብላ መንገዷን ቀጠለች። "በስመ አብ!" ብላ ጮኸች ምንትዋብ። እንደምንም አቁማ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ አንተ አይደለህም።"

ጋሽ ዘውገ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "እኔ እኮ አምኛቸው ነበር" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "በገዛ እግሬ የረገጥኩትን አልረገጥኩም ብዬ አምኜ ነበር።"

ልጅቷ አቀፈቻቸው፤ እሷም አለቀሰች።

መካኒኩን እዚያው ኮረኮንቹ ላይ አመጡት። በአንዱ ጎማ በኩል ያለችው፣ የጎማውን መዞር የሚለካው ሴንሰር ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሳ ኖሯል። መንገዱ ለጥ ሲል ትገጥማለች፤ ጎማው ሲዘል ትላቀቃለች። ያን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ጎማው የተቆለፈ እየመሰለው ፍሬኑን ይለቃል። ሽቦዋ ተቀየረች፤ አለቀ። ዳግም መጥቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ።

"ይቅር በለኝ አባዬ። ጋራዡን ስሰማ አንተን ሳልጠይቅህ ቀረሁ።"

"ነግሬህማ ነበር፤ ያላመንከኝ ነው" አሉና ግንባሩን ስመው ቁልፋቸውን ተቀበሉ። እህትየውም በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቀረባትም።

ወዳጆቼ፣ የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ሳሎን ተቀምጦ "እንዴት ነህ?" ሲባል ሁሉም ደህና ነው። የሚያመው መንገዱ ሲጎረብጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙዎቻችን አጠገቡ የለንም። "አሞኛል" ያለንን ሰው "ምንም የለብህም" እያልን ስንመልሰው፣ ሕመሙ እንዳለ ሆኖ በራሱ ላይ ያለውን እምነት ደግሞ እንነጥቀዋለን። ከመፍረዳችን በፊት መንገዱን አብረን እንሂድለት።

እስቲ እናንተም አስቡት፤ ከቤታችሁ ቁልፉን አስቀምጦ ዝም ያለ ሰው ማን ነው?