ቁልፉ በደብሪቱ እጅ

በአንድ ወቅት ላስታ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ አገሬው ሁሉ «ትልቁ ቤት» የሚለው ክብ የድንጋይ ፎቅ ነበር። የሠራው የአቶ ፈንቴ ቅድመ አያት ነው። ግንቡ ቀይ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ ደረጃው በውጭ፤ ሰርግ ሲሆን መንደሩ በሙሉ የሚገባበት፣ ጠብ ሲሆን ሽማግሌ የሚቀመጥበት። ፈንቴ እዚያው ተወልዶ፣ ደብሪቱን እዚያው አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ፤ ትልቋ እንጉዳይ፣ መካከለኛው ሞላልኝ፣ የመጨረሻው ደምለው።

በላይኛው ግድግዳ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ንብ ሰፍሮበት ነበር፤ ማንም አይነካውም። ፈንቴ ባረጀ ጊዜ ክፉ ሳል ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። አንድ ቀን ጠዋት፣ «የግድግዳውን ማር ትንሽ ብታቀምሱኝ» አለ። ደብሪቱ አጠገቡ ተቀምጣ በጆሮዋ ሰምታለች። ደምለው አባቱን ከነፍሱ አብልጦ የሚወድ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ እስኪለመን አልጠበቀም። ንቦቹን በጭስ ሊያርቅ ኩበት ለኩሶ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣ። ነፋስ መጣ። ደረቅ ሣር ምን ጊዜ ይፈጃል? ልጁ ወርዶ «ድረሱልኝ!» ሲል ክዳኑ በሙሉ ይነድ ነበር።

ሞላልኝ ከእርሻው እየሮጠ ደረሰ። ሰው ሁሉ ውጭ ቆሞ ይጮኻል፤ አባቱ ፎቁ ላይ ነው። ጋቢውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተከናነበና ደረጃውን ወጣ፤ የሚነደውን በር በእጆቹ ገፍቶ፣ አባቱን አዝሎ ወረደ። ፈንቴን እሳት አልነካውም። የሞላልኝ ጣቶች ግን እርስ በርስ እንደተጣበቁ ቁስሉ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጦ አያውቅም። መሬቱን ሌላ ሰው ያርስለታል፤ እህል የምታጎርሰው ሚስቱ ናት።

ፈንቴ ጎረቤት ቤት ተኝቶ፣ የጠቆረውን ግንብ በበር እያየ፣ «ክዳኑን ሳላይ አልሞትም» ይል ነበር። ሳያይ ሞተ። ሊሞት ሲል ደብሪቱን ጠርቶ፣ «ክብ ቤት ለሦስት አይከፈልም። ለሚገባው ስጪው» አላት። ማን እንደሚገባው አልነገራትም። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ከባዱን ለሴት ትተው ይሄዳሉ።

ግንቡ ቆሞ ቀርቷል፤ ምሰሶው ግን አመድ ሆኗል። ፎቅ የሚሸከም ጽድ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ በቀር በአገሩ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ደግሞ አይቆረጥም። ሌላ አንድ ጽድ ብቻ ነበር፣ እንጉዳይ ጓሮ። እንጉዳይ በልጅነቷ የወለደቻት ሕፃን ክርስትና ሳትነሳ ሞታባት፣ ከቤተ ክርስቲያን አትቀበርም ስለተባለ እዚያ ጓሮ ነው የተቀበረችው። ጽዱን በላይዋ የተከለችው እንጉዳይ ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ማህፀኗ ሌላ ልጅ አልያዘም። ሕፃኗ ስም እንኳ አልወጣላትም፤ ከዛፉ በስተቀር ምልክት የላትም። ማንም አልጠየቃትም፤ ማን ደፍሮ? እሷው ጠራቢዎቹን ይዛ መጣችና «ቁረጡት» አለች። ያን ቀን ደብሪቱ የመጥረቢያውን ድምፅ ላለመስማት ጆሮዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ዋለች።

ደምለውስ? መንደሩ «ቤት አቃጣይ» ሲለው አገር ጥሎ መጥፋት ይችል ነበር። አልጠፋም። ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ እግር ሥር ተቀምጦ ሙያውን ተማረ። የተሰነጠቀውን ድንጋይ እያወጣ፣ ከገደሉ ሥር ሌላ ቀይ ድንጋይ በትከሻው እያመጣ ቦታ ቦታው መለሰው። ጭቃውን እሱ ረገጠ፤ ሣሩን እሱ አጨደ፤ እሱ ከደነ። «ቤቱ ሳይቆም አልሞሸርም» ስላለ፣ እጮኛው ዓመታት ጠብቃው ለሌላ ተዳረች። ደብሪቱ ምሳውን ታመጣለታለች፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣለት ቃል ሳትተነፍስ ትመለሳለች። ጨካኝ ሆና አይደለም። አፏን ከከፈተች «አባትህን በሰው ቤት አስሞትከው» የሚል ነገር እንዳያመልጣት ፈርታ ነው። ልጁ ግን ያን ምን ያውቃል? ዝምታዋን ከእንጀራው ጋር ይበላል።

ቤቱ ቆመ። የምርቃቱ ቀን ቄሱ ጸበል ረጩ፣ ሕዝቡ በልቶ ጠጣ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ ደብሪቱ ዞረው፣ «እንግዲህ የፈንቴን ቃል ፈጽሚ» አሏት። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች።

«እማ» አለ ሞላልኝ፣ «እኔ በዚህ እጅ ሌላ ጎጆ መቀለስ አልችልም። እስከ ዛሬ በሰው ቤት አለሁ። ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

እንጉዳይ ቁልፉን አላየችውም። ምሰሶውን እንዳቀፈች ነበር። «እኔ ሌላ አልፈልግም፤ የልጄ የሆነው ሁሉ ይኸው ነው» አለች። «ከእሷ አትለዩኝ።»

ደምለው የሠራውን ደፍ ገና አልተሻገረም። ውጭ ቆሞ፣ «እኔን ቤቱ አልቸገረኝም፣ እምዬ» አለ። «ለሌላ ከሰጠሽው ግን፣ እናቱም አልማረችው ይሉኛል። እኔም እንደዚያው አምኜ እሞታለሁ።»

አደራ፣ «አብረው ይኑሩ» እንዳትሉኝ። ይህን ሽማግሌዎቹም ብለው ነበር። ሞላልኝ እጆቹን አንስቶ አሳያቸውና፣ «ካቃጠለኝ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አላድርም» አለ። እንጉዳይም የሌላ ሰው ልጆች ሲስቁ እየሰማች እዚያ ምሰሶ ሥር ማደር እንደማይሆንላት ተናገረች። ቶሎ የሚፈርድ ሰው ደግሞ አልወድም፤ ወልዶ አያውቅም እላለሁ።

ደብሪቱ ሦስቱንም አየቻቸው። ባሏን ያወጣላት ይኸኛው ነው። ቤቱን የሚሸከመው የዚህችኛዋ ሐዘን ነው። ውጭ የቆመው ደግሞ፣ አባቱ ማር አማረኝ ስላለ ብቻ ዕድሜውን የከፈለ ልጇ ነው፤ ያን የፈንቴን ቃል ከእሱና ከእሷ ሌላ የሰማ የለም፤ እሱ አባቱን ላለማስወቀስ ዋጠው፣ እሷም እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረችውም። ቁልፉን ለአንዱ ስትዘረጋው ሁለቱን እዚያው ልታጣቸው ነው። ሕዝቡ ይጠብቃል።

እናንተ እሷን ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር? ለቀሩት ለሁለቱስ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ፣ ምን ትሏቸው ነበር?