የወርካ ወንዝ ሎሚ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ገና ጎረምሶች ሳሉ ነው። በወርካ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት መንደሮች ደም ተቃብተው ነበር። ወንዙን የተሻገረ አይመለስም። በጥምቀት ብቻ የሁለቱም ታቦታት ወደ ውሃው ወርደው ፊት ለፊት ያርፋሉ፤ ሰዉም በየዳሩ ቆሞ ይጨፍራል እንጂ አይቀላቀልም።

በወዲህኛው ዳር ይርዳው የሚባል ገመድ ገምዶ አዳሪ ነበር። ድሃ ነው፤ ቀኝ ትከሻውም ከልጅነቱ ወልቆ በወጉ አልገባም። ይህ ምስኪን በማዶ ስትዘፍን ያያትን አትጠገብን ወደደ። ስሟን እንኳ ያወቀው ጓደኞቿ ሲጠሯት ሰምቶ ነው። ልብ አንዴ ከሸፈተ ማን ይመልሰዋል!

በመጀመሪያው ጥምቀት ሎሚ ይዞ ወረደ። «አትጠገብ፣ ያንቺ ናት!» ብሎ ወረወረ። ሎሚዋ መሃል ውሃ ወደቀች፤ ወንዙም ወሰዳት። ሁለቱም ዳር ሳቀበት።

በሁለተኛውም ጥምቀት ሎሚ ይዞ ወረደ። ዓመቱን ሙሉ በግራ እጁ ድንጋይ ሲወረውር ከርሞ ነበር። ሎሚዋ ተሻገረች፤ ተሻግራም የማዶውን መሪጌታ ግንባር መታች። መሪጌታው ጥምጥማቸውን እያቃኑ ረገሙት፤ ከበሮው ቆመ፤ ጎረምሶች ዱላ አነሱ። ይርዳው አፍሮ ከሰው ጀርባ ተሸሸገ።

በሦስተኛው ዓመት ክፉ ወሬ ደረሰው። ጥምቀት እንዳለፈ አትጠገብ ለአንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ልትዳር ነው። እሷን የጠየቃት የለም። ይርዳው በሦስተኛውም ጥምቀት ሎሚ ይዞ ወረደ። እንደ አምናው ሰው እንዳልመታ ብሎ ቀስ አድርጎ ወረወረ። ሎሚዋ መሃል ውሃ ወደቀች።

ያን ጊዜ አትጠገብ በአዲስ ቀሚሷ ዘላ ገባች። ውሃው እስከ ደረቷ ደረሰ። ሎሚዋን ያዘች፤ ወደ ኋላ ግን አልተመለሰችም። ይርዳውም ገባ፤ መሃል ላይ ተገናኙ። አባቷ እንግዳሸት ጦራቸውን አነሱ።

«አንተ እንግዳሸት!» አሉ ያው መሪጌታ፤ «ጧት የባረክነውን ውሃ በልጅህ ደም ልታቀልመው ነው?»

አባት መፍቀድም አልሆነላቸውም፤ መግደልም አልሆነላቸውም። ፊታቸውን ወደ ታቦቱ አዞሩ። የደሙም ነገር በዚያው ሰሞን በአገር ሽማግሎች እርቅ አለቀ፤ ሁለቱም ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ በወርካ ወንዝ ጥምቀት ሲመጣ ወንዱ ሎሚውን ሆን ብሎ መሃል ውሃ ይጥላል። «የይርዳው ሎሚ» ይባላል። የወደደች ገብታ ታነሳለች፤ ላልወደደች ወንዙ ይወስድላታል፤ የሚቆጣት የለም። አባቶችም ሁሉ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ታቦቱ ያዞራሉ። እኔም ለሦስት ሴት ልጆቼ ሦስት ጊዜ አዙሬያለሁ። ፊቴን አዞርኩ እንጂ ጆሮዬን ምን ላድርገው? ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰምቼ አልቅሻለሁ።