ቀዩ ጨርቅና አራቱ ምስክሮች

አንድ ንጉሥ በከተማው መካከል የምርመራ ቤት አሠርተው ነበር። በቤቱ የሚሠሩት ሊቃውንት የጉድጓድ ውሃ፣ የዘር እህልና የእርሻ አፈር ይመረምራሉ። ውሃው ደህና ከሆነ በጉድጓዱ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ከተበላሸ ቀይ። በቀዩ ጨርቅ ጠርዝ ላይ የመርማሪው ስምና ምርመራው የፈጀው ቀን ይጻፋል። የከተማው ሰው አብዛኛው ማንበብ ባይችልም ቀለሙን ያውቃል። ነጭ ካየ ይቀዳል፣ ቀይ ካየ ባዶ እንስራውን ይዞ ይመለሳል።

አሪየት የምትባል ሴት በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመጣችው ከቆላ፣ ከትልቁ ወንዝ ዳር ነው፤ መልኳ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይጠቁራል። ውሃ የምትመረምርበት ዘዴ ቀላል ነበር። በሰባት ሳህን ላይ ሃያ ሃያ ፍሬ ስንዴ ትዘረጋለች። አንዱን ሳህን ደህና መሆኑ በታወቀ የምንጭ ውሃ፣ ስድስቱን ደግሞ በምትመረምረው ውሃ ታርሳለች። ውሃው ጥሩ ከሆነ ስንዴው በሦስተኛው ቀን ያቆጠቁጣል፤ ከተበላሸ ጠቁሮ ይቀራል። የቤቱ ሊቃውንት ሁሉ ይህን ዘዴ ወስደው ይሠሩበታል። ከማን እንደወሰዱት ግን የሚያስታውስ አልነበረም።

ቤቱ ሥርዓት ነበረው። ምርመራ የሚጸናው በምስክር ነው። ምስክር ማለት ደግሞ መጥቶ አይቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ራሱ ስንዴ ዘርግቶ፣ ራሱ ሦስት ቀን ጠብቆ፣ ያንኑ ውጤት ማግኘት አለበት። ምስክሮቹ እንዳይመካከሩ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ለከተማው ተወላጅ ወንድ አንድ ምስክር ይበቃዋል። ለሴት ሁለት። ከቆላ ለመጣ ሰውም ሁለት።

አሪየት በገባች በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱ አለቃ አስጠሯት።

"ልጄ፣ አንቺ ሴትም ነሽ፣ ቆለኛም ነሽ። ሁለት ሲደመር ሁለት፣ አራት" አሏት።

"አለቃ፣ ስለ ሴትነቴ የሚመጡት ሁለቱ ሰዎች ለቆለኛነቴም አይበቁም?"

"እንዴት ይበቃሉ? ሴት ትቸኩላለች። ቆለኛ ደግሞ ይገምታል። ጥርጣሬዎቹ ለየብቻ ናቸው።" ፈገግ አሉ። "ሒሳብ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም። እንዳይከፋሽ።"

ያኔ ከፍቷት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተከራከረች። በሦስተኛው ዓመት ነገሩን በዝርዝር ጽፋ አቤቱታ አስገባች፤ አቤቱታውም የቆለኛ ሴት አቤቱታ ስለሆነ አራት ምስክር ተጠየቀበት። ከዚያ በኋላ ድካሟ ከንዴቷ በለጠ። ጠዋት ትገባለች፣ ስንዴዋን ቆጥራ ትዘረጋለች፣ ማታ ትወጣለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ሊታጠብ ወደ እሷ ሲዘረጋም ማሰሮውን አንስታ ማስታጠብ ለምዳ ነበር። መርማሪ መሆኗን ከማስረዳት ማስታጠቡ ይፈጥናል።

በስድስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከታችኛው ሰፈር ጉድጓድ በላይ ቆዳ የሚዘፈዘፍባቸው አዳዲስ ገንዳዎች ተቆፈሩ። አሪየት ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳችና ሰባቱን ሳህኖቿን ዘረጋች። በሦስተኛው ቀን የምንጩ ውሃ ሳህን አረንጓዴ ሆኖ ነበር። በስድስቱ ሳህኖች ላይ ግን ከመቶ ሃያው ፍሬ ያቆጠቆጠው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያም ሳህኖቹን ይዛ ወደ አለቃው ገባች።

"አለቃ፣ ቀዩ ጨርቅ ዛሬ ይሰቀል። ምስክሮቹ ከተሰቀለ በኋላ ይመርምሩ። ተሳስቼ ከሆነ ይወርዳል፤ ሰውም ጥቂት ቀን ርቆ ከመቅዳት በቀር አይጎዳም።"

"ካልተሳሳትሽስ?"

"ካልተሳሳትኩማ በጊዜ ተሰቀለ ማለት ነው።"

አለቃው ሳህኖቹን ትክ ብለው አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የእሳቸው የልጅ ልጆችም ውሃ ይጠጣሉ፤ እርግጥ የሚጠጡት ከላይኛው ሰፈር ጉድጓድ ነው።

"እኔ በበኩሌ አምንሻለሁ" አሏት። "ግን የእኔ ማመን ምስክር አይሆንም። አራቱን ጠብቂ።"

አራት ምስክር አሥራ ሁለት ቀን ነው። አሪየት ሳህኖቹን ይዛ ስትወጣ ቢተው የሚባለው ወጣት መርማሪ በር ላይ ቆሞ ነበር። ቢተው የከተማው ተወላጅ ነው፤ ከእሷ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ይሠራል።

"ሰማሁ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ እኮ አንድ ምስክር ይበቃኛል። በእኔ ስም ይግባ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ?"

አሪየት አሥራ ሁለት ቀንን ከሦስት ቀን ጋር አስተያየችው። ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

"ያንተ ይሁን።"

"ስምሽ ግን…"

"ቢተው፣ ሰዎቹ የሚጠጡት ውሃውን ነው፤ ስሜን አይደለም። ቶሎ በል።"

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ምስክሩ ምርመራውን ጨረሰና ያንኑ ውጤት አገኘ። የቢተው ስም ያለበት ቀይ ጨርቅ በታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ላይ ተሰቀለ። ንጉሡ አንድ ወጣት ሕዝባቸውን ከመርዝ እንዳዳነ ሲነገራቸው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መጡ፤ በሊቃውንቱ ፊትም ቢተውን ካባ አለበሱት። አሪየት ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታይ ነበር። ጨርቁ በመሰቀሉ ልቧ አርፏል። ሌላ የምትፈልገው ነገር መቀመጫ ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል የንጉሡ አጃቢ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የጠቆሩ ሳህኖች አየና ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺ! ይሄን የበሰበሰ ነገር ከፊታቸው አንሺው እንጂ። ተገትረሽ የምታይው ምኑን ነው?"

አሪየት ለመቆጣት ጉልበት አልነበራትም። ሄዳ ማንሳት ጀመረች። ሁለተኛውን ሳህን ስታነሳ የቢተው ድምፅ ተሰማ።

"ንጉሥ ሆይ፣ ሳህኖቹ የእሷ ናቸው። ምርመራውም የእሷ ነው። እኔ ስሜን ብቻ ነው ያዋስኩት።"

አለቃው ቀስ ብለው ወደ ቢተው ቀረቡ።

"በእጅህ ስንዴ አልዘረጋህም?"

"አልዘረጋሁም፤ እሷ ዘርግታው ስለነበር።"

"እንግዲያውስ ምስክሩ የመሰከረው ላልተሠራ ሥራ ነው፤ ምስክርነቱ ፈርሷል። የእሷ ምርመራ ደግሞ ገና አንድም ምስክር የለውም። ጨርቁ ይውረድ። አራቱ ዛሬውኑ ይጀምሩ።"

"አለቃ፣ ውሃው እኮ ያው ውሃ ነው!"

"ውሃው ያው ነው። መርማሪው ግን ሌላ ነው።"

ቢተው ወደ ንጉሡ ዞረ። ንጉሡም "እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ በሊቃውንት ሥርዓት ውስጥ እጄን አላስገባም" ብለው ተነሡ። ካባውን ግን መልስ ያለው አልነበረም።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ቢተው አሪየትን ተከትሎ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝም ማለት አቃተኝ።"

"ስድስት ዓመት አላቃተህም ነበር" አለችው። የተናገረችው በቁጣ አይደለም፤ የቆጠረችውን ቁጥር እንደምትናገር ሆና ነው። "ውሃውን ያበላሹት ገንዳዎች እስኪደፈኑ ብትታገስ ምን ነበረበት?"

ቀዩ ጨርቅ ወረደ፤ ነጩ ተመልሶ ተሰቀለ።

በማግስቱ ጠዋት አሪየት ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከፊት ያሉት ትርንጎ የሚባሉ አፈኛ ሴት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል።

"እትዬ፣ ይህን ውሃ አይቅዱ። ተበላሽቷል።"

"ነጭ ነው እኮ ጨርቁ! ትናንት ቀይ ሰቀሉ፣ ወዲያው አወረዱ። ታይቶ ደህና ቢሆን አይደል?" አሏት። ለማንም ቢሆን ነገሩ እንዲያ ነበር የሚመስለው። "ለመሆኑ የማን ገረድ ነሽ?"

"ገረድ አይደለሁም። የመረመርኩት እኔ ነኝ።"

"ኧረ በይ! እኔም የንጉሡ ሐኪም ነኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላ አንዷ "የቆላው ወንዝ ደርቆባት የእኛን ልታስለቅቀን ነው" ስትል ሳቁ ጨመረ።

"እሺ ይሳቁብኝ" አለች አሪየት። "ለሕፃኑ ብቻ ከላይኛው ጉድጓድ ይቅዱለት።"

"ያን ሁሉ ዳገት? አንቺ ትሸከሚልኛለሽ?"

"እሸከምልዎታለሁ።"

ትርንጎ የቀልዱን ለዛ አጡት። እንስራውን ሰጧት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሪየት በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ከላይኛው ጉድጓድ ውሃ ታመላልስ ነበር። እንስራውን ለሰጣት ሁሉ ትሸከማለች። ብትሮጥም በጠዋት ከአምስት ቤት በላይ መድረስ አልቻለችም። በታችኛው ሰፈር ያለው ደግሞ ሁለት መቶ ቤት ነው። በምርመራ ቤቱም ምስክሮቹ በየተራ ስንዴ ይዘረጋሉ፤ በየሦስት ቀኑም አንድ ሊቅ የጠቆረ ስንዴ እያየ "እውነትም" ይላል። በሥርዓቱ መሠረት የመጀመሪያው ያየውን ለሁለተኛው አይነግርም፤ ሁለተኛውም ለሦስተኛው። በሰፈሩ ሕፃናት መታመም ጀመሩ። አራተኛው ምስክር ስንዴውን በዘረጋ ማግስት ከሕፃናቱ ሦስቱ ተቀበሩ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀዩ ጨርቅ እንደገና ተሰቀለ። በዚህኛው ላይ "መርማሪ፦ አሪየት። የፈጀው ቀን፦ አሥራ ስምንት" ተብሎ ተጽፎበታል። ልጁን የቀበረ አንድ አባት ከጨርቁ ሥር ቆሞ ጽሑፉን አንድ ቄስ አስነበበ።

"አሥራ ስምንት ቀን!" አለ። "ምን ስትሠራ ነበር ይቺ ሴትዮ? ተኝታ ነው?"

አሪየት እንስራ ተሸክማ ከኋላው ቆማ ነበር። ትርንጎ አዩዋት። የልጅ ልጃቸው በጀርባቸው ላይ ይወራጫል፣ ደህና ነው። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የአባትየውን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

ዓመቱ ሲያልቅ የቤቱ አለቃ የእያንዳንዱን መርማሪ ሥራ ከመዝገብ አነበቡ። ሌሎቹ አንድ ጉድጓድ ለመመርመር ስድስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። አሪየት ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን አለሰለሱ።

"ልጄ፣ ሥራሽ ትክክል ነው፤ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። ግን ዘገምተኛ ነሽ። የታችኛው ሰፈሩ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። ይህንን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ጨርቁ ላይ ያለ ነው።"

"ልክ ነው፣ አሥራ ስምንት ነው" አለች አሪየት። "ሦስቱ የእኔ ናቸው። አሥራ አምስቱን በማን ስም ይጽፏቸዋል?"

አለቃው ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉ። እውነትም ፈለጉ።

"ለእሱ የተተወ ቦታ የለም" አሏትና ገጹን ገለጡ። በዚያው ስብሰባም ዘገምተኛ መርማሪ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ስለሚያስፈልገው፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለአሪየት አምስተኛ ምስክር እንዲጨመር ተወሰነ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው መጠራጠር ክፉ ነው ብሎ እንዳይሄድ። ምርመራ ሁሉ የሚጀምረው ከመጠራጠር ነው፤ ለሁሉም እኩል የሆነ ጥርጣሬ እውቀትን ይጠብቃል። የሰውን መልክ አይቶ የሚጨምር፣ ሴትነቷን አይቶ የሚደመር ጥርጣሬ ግን ስለ ውሃው ምንም አይነግረንም። ሰውን ያዘገያል፣ ከዚያ መዘግየቱን ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል፣ በማስረጃውም ራሱን ያሳድጋል። እንዲህ የሚያደርጉት ደግሞ ክፉዎች ብቻ አይደሉም፤ በቤቱ ውስጥ "አምንሻለሁ" ያላት ሰው ነበር፣ እውነቱን የተናገረላት ሰውም ነበር። ሥርዓቱን ያስቆመ ግን አንድም አልነበረም።

በምትሠሩበት ቤት "ዘገምተኛ ናት" የምትባል ሴት ካለች፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ቀኖቿን ቁጠሩ። ስንቱ የእሷ ነው? ስንቱስ የእናንተ?