የቢተው ሳቅ

በአንድ ወቅት፣ ስልክ የሰውን ፊት መለዋወጥ ከተማረ በኋላ ማለት ነው፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘመነ የሚባል በያጅ ነበር። የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ሚስቱ አይናዲስ ቤቷ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። የአይናዲስ ታናሽ ወንድም ዋለልኝ ከእነሱው ጋር እየኖረ ገበያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ሦስቱም ሠርተው የሚያድሩ፣ ከማንም የማይጣሉ ሰዎች ነበሩ። ጠባቸው የመጣው በአንድ ሳቅ ነው። እኔ ነገሩን እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ።

ዘመነና አይናዲስ መጀመሪያ ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ስድስት ወር ሲሞላት ፎቶዋን አንስተው ለዘመድ ላኩ። ዘመድ ለዘመድ ላከ። ያየ ሁሉ «ወይ ማማር!» አለ። በሳምንቱ ልጅቷ ታመመች፣ በዐሥረኛው ቀን ተቀበረች። ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ነገራቸው። የዘመነ ልብ ግን ሌላ ያዘ። ያየ ዓይን ሁሉ አንዳንድ ቁራሽ እየወሰደ ልጁን እንደጨረሰበት ቆጠረ።

ወንዱ ሲወለድ አገሩ እንደሚያደርገው አደረጉ። ሞት እንዲተወው ስሙን ቢተው አሉት። ግራ ጆሮውን በሱት። ዓይን እንዳይስብ አሮጌ ጨርቅ አለበሱት። ዘመነ በዚህ ላይ የራሱን ሕግ ጨመረ።

«ይህ ልጅ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ፎቶ አይነሳም። በኔም እጅ ቢሆን፣ በእናቱም እጅ ቢሆን።»

አይናዲስ «እሺ» አለች። ዋለልኝም «እሺ ጋሼ» አለ።

ቢተው ፋፋ። ሲስቅ ቀኝ ጉንጩ ስርጉድ ይላል፤ ከታች የበቀሉት ሁለት ጥርሶቹ ብቅ ይላሉ፤ ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ስቅ ይለዋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እስከ ስቅታው ድረስ የሚያስቀው ዋለልኝ ነበር። ሌላው ሰው ፈገግ ቢያሰኘው ነው።

በዚያው ሰሞን ዋለልኝ ለስልክ መተግበሪያ ፊልተር መሥራት ይማር ነበር። ፊት ላይ ነጥብ እንዴት እንደሚተከል፣ በነጥቡ ላይ ሥዕል እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ሰው አፉን ሲከፍት ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ለብቻው ታግሎ ለመደ። መጀመሪያ የአንበሳ ጎፈር ሠራ፤ የነካው የለም። ቀጥሎ የሙሽራ አክሊል ሠራ፤ እሱንም የነካው የለም። አንድ ቀን ቢተውን እያሳቀ ሳለ እጁን አጨበጨበና «ይኸው! እዚሁ አይደል እንዴ ያለው!» አለ።

ዘመነ ሥራ በዋለበት፣ አይናዲስም ገበያ በወጣችበት ሰዓት ፎቶውን አነሳ፣ ሳቁን ቀረጸ። የልጁን ፊት በሙሉ አላወጣም። ስርጉዱን፣ ሁለቱን ጥርሶችና ሳቁን ብቻ ነው የወሰደው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ስልኩን ፊቱ ላይ ይዞ አፉን ቢከፍት ጉንጩ ስርጉድ ይላል፣ ጥርሱ ሁለት ይሆናል፣ ከአፉም የቢተው ሳቅ ይወጣል፤ ስቅታው ሳይቀር። ስሙን «ሁለት ጥርስ» ብሎ ላከው። መተግበሪያውም ተቀበለው።

በማግስቱ ዘመነ ለምሳ ሲመጣ ዋለልኝን ስልኩን ልጁ ላይ ደግኖ አገኘው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም ጋሼ። ሳቁ ሲያምረኝ ጊዜ...»

«አጥፋ።»

«ለራሳችን ብቻ እኮ ነው። ነገ ሲያድግ እንዲያየው...»

«እህቱም ለራሳችን ብቻ ነበረች። አጥፋ። እያየሁህ አጥፋ።»

ዋለልኝ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋ። ድምፁን አጠፋ። ላፕቶፑን ከፍቶ የፊልተሩን ሥራ ከነፎልደሩ አጠፋ። የጠፋ ነገር የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገው።

«የቀረ አለ?»

«እኔ ዘንድ የለም።»

«በቢተው ማል።»

«ቢተውን! እኔ ዘንድ አንድም የለም።»

አልዋሸም። የተላከው እሱ ዘንድ አልነበረም።

ከዚያ አምስት ሳምንት አለፈ፤ ክረምቱ ገባ። ቢተው ሳል ጀመረው። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ወሰዱት፣ የሳንባ ምች ነው ተባለ፣ መድኃኒቱም ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዐሥራ አንድ ወሩ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የተሸከመው ዘመነ ራሱ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ከሚሸከመው የመሣሪያ ሳጥን ይልቅ ልጁ ቀለለው።

ለቅሶ ላይ አንዲት አክስት «የልጁ ፎቶ የታለ?» ብላ ጠየቀች። አይናዲስ ቀና ብላ ዘመነን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመነ እቤቱ ሲገባ የሚገባው አንገቱን ሰብሮ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ከሰዓት የባጃጁን ማቀፊያ ብረት ሊያስበይድ ሙሉሰው የሚባል ነጂ መጣ። ዘመነ መነጽሩን አድርጎ እየበየደ ነው። ሙሉሰው ከጀርባው ቆሞ ስልኩን ይጎረጉራል።

ቢተው ሳቀ።

ዘመነ ዘወር አለ። ሙሉሰው ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ አፉን በርግዶታል።

«ዘሜ፣ ና እየው! አገር ያበደበት ነገር እኮ ነው። ሚስቴ እናቷን ሁለት ጥርስ አደረገቻት። አሮጊቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ይሄማ የራሴው ነው› አትልም!»

«አጥፋው።»

«ምን ሆንህ ሰውዬ? ሳቅ አይደል እንዴ?»

ስልኩ ስቅ አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

እዚህ ላይ ዘመነ ለማንም ያልነገረው ነገር አለ። ያ ሳቅ መጀመሪያ ጆሮው ሲገባ አልደነገጠም። ዘወር ብሎ እስኪያይ ድረስ ደስ ብሎት ነበር። አይናዲስ ልጁን አዝላ የመጣች ነበር የመሰለው።

ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጁ ሲደርስ ያው ሳቅ ከውስጥ ተሰማው። መጋረጃውን ገለጠ። አይናዲስ ስልኳን የስፌት መኪናው ላይ በክር ጥቅልሎች አስደግፋ አፏን ከፍታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ያለቅሳል። ስልኩ ውስጥ ያለው አፏ በሁለት ጥርስ ይስቃል።

«ታውቂ ኖሯል?»

«ሦስት ሳምንቴ ነው። እህል አልወርድ ሲለኝ ዋለልኝ ነገረኝ፤ ‹እቴ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ› ብሎ።»

«አገር እየሳቀበት ነው!»

«እኔም እየሳቅሁበት ነው። በቀን አንዴ ይመጣልኛል። ሌላ መምጫ አልተውህለትም።»

ዘመነ ስልኩን አንስቶ ደፉ ላይ ፈጠፈጠው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ያው ሳቅ ከጎረቤት ግቢ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሲንከተከት።

እንግዲህ ሦስቱም የየራሳቸውን ያደረጉት ከዚህ በኋላ ነው።

ዘመነ ስልክ መስበር ዋጋ እንደሌለው ገባውና ወደ ሥሩ ሄደ። ዋለልኝን ሱቁ ድረስ ሄዶ «የተከልኸውን ንቀል» አለው። ዋለልኝ ነገሩን አልደበቀውም። እሱ ካጠፋው ከስልኩ ሁሉ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ለሌላው ዘግቶ ለአይናዲስ ብቻ መተው አይቻልም፤ ወይ ለሁሉ ነው፣ ወይ ለማንም። ዘመነም «ለማንም ይሁን» አለ። «የመጀመሪያዋን ዓይናቸው በላት። ይኼኛው ከሞተ በኋላ እንኳ መቃብሩ ውስጥ ይረፍ እንጂ በየመጠጥ ቤቱ አፍ ምን ያደርጋል? አባት ነኝ። በሕይወት ልጠብቀው አልቻልሁም። ሬሳውን ልጠብቅ።»

አይናዲስ ይህን ሰማች። ፊልተሩን ለማጥፋትም ሆነ ለመለወጥ በዋለልኝ የስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ወንድሟ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ሲሙን ከስልኩ አወጣችና የሐዘን ቀሚሷ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ሰፋችው። «የሚፈልገው ቀሚሴን ይቅደድ» አለች። ዋለልኝ ዘመነ የሰበረውን ሊጠግን ለስልኳ አዲስ መስታወት ገጠመላትና «እቴ፣ ሳቁን ፊትሽ ላይ እንዳለ ልቅረጽልሽ፤ ቢጠፋም እሱን ታያለሽ» አላት። እምቢ አለች። «የተቀረጸው ትናንት የሳቀውን ነው የሚስቅ። ይሄ ግን ስስቅለት ይስቅልኛል። ሌላው ቢስቅበት ምን አለ? ልጄ ሰው ሲስቅ ደስ ይለው ነበር። እንዳለ ተዉት።»

ዋለልኝ ምትክ ሲም ማውጣት ይችል ነበር። አላወጣም። ሦስተኛ ነገር አሰበ። አንድ ወረቀት ላይ «ይህ ሳቅ የቢተው ዘመነ ነው። ዐሥራ አንድ ወር ኖረ» ብሎ ጻፈና በባልና ሚስቱ ፊት አስቀመጠው። ፊልተሩን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ ይህን እንዲያነብ ሊያደርግ ነው። «ጋሼ፣ አንዴ በቃልህ አጥፍቻለሁ» አለ። «ለቅሶው ላይ ፎቶ ያጣነው በዚህ እጄ ነው። ሁለተኛ አላጠፋም። እንዲሁ እንዳለም አልተወውም፤ ሰርቄ ያወጣሁት ሳቅ ነው። የሚስቅ ሁሉ የማን እንደሆነ ይወቅ።»

«ስሙን ደግሞ አፋቸው ልትከት?» አለ ዘመነ።

«ካወቁማ ማን ይስቃል?» አለች አይናዲስ። «ያለቅሱበታል። አንድ የቀረ ሳቅ ነው ያለኝ፣ ለቅሶ አታድርግብኝ።»

ባልና ሚስቱ ከለቅሶው ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እሱም ዋለልኝን እምቢ ለማለት።

አንድ ቤት እየኖሩ ሰላምታ ቢያጡ የንስሐ አባታቸውን ቄስ አስናቀን ጠሩ። ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስቱንም አስማሏቸው፤ የተፈረደውን ሊቀበሉ ማሉ። አይናዲስ በመቀስ የቀሚሷን ጠርዝ ተርትራ ሲሟን አወጣችና መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ናት።

ቄሱ ሁሉንም ሰሙ። ዘመነን «ልጄ፣ ከለከልህ እንጂ አልበደልህም። ግን እናቲቱን ሁለተኛ ከልጇ ልትለያት ነው» አሉት። አይናዲስን «አንቺም የወለድሽው አንቺ ነሽ። ግን እሱም አባት ነው፤ ሳቁን በሰማ ቁጥር ሬሳ ይሸከማል» አሏት። ዋለልኝን «አንተም እውነቱ ይነገር አልህ፤ መልካም። ግን የማልኸው ግማሽ እውነት ነበር» አሉት። ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ።

«ሳላየው አልፈርድም» አሉ ቄሱ። «አሳዩኝ።»

ዋለልኝ ስልኩን ከፍቶ በእጃቸው አስያዛቸው። ቄሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ነጭ ጢማቸውን አዩ፣ ጥምጥማቸውን አዩ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ።

ቢተው ሳቀ።

ቀኝ ጉንጫቸው ስርጉድ አለ፤ ሁለት ጥርሶች ብቅ አሉ። አይናዲስ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። ዘመነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋለልኝ ወረቀቱን ጨብጦ እንዳለ ቀረ። ስልኩ ስቅ አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቄሱም አፋቸውን ገጠሙ፤ ያን ቀን ዳግመኛ አልከፈቱትም።

ሲሟ እስከ ዛሬ ቄስ አስናቀ ዘንድ፣ በዳዊታቸው ገጽ መካከል አለች። ሦስቱም በማሉት መሐላ እንደታሰሩ ይጠብቃሉ። ሳቁም በየስልኩ አለ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ሲሟ በእናንተ መዳፍ ላይ ናት እንበል። አንዱ ያጠፋባታል፣ አንዷ ታኖርባታለች፣ አንዱ ይናገርባታል። ለማን ትገባለች?