የእመት ጥርኝ የገና ብስኩት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን!» በሉኛ። ጎሽ፣ እንዲህ ደመቅ አድርጋችሁ። የሚያዛጋ ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ፤ መሃል ላይ «እና ከዚያስ?» እያለ የሚያቋርጠኝን አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ከአውሬ ተስማምቶ በሚኖርበት፣ የቤት ዕቃ እንደ ልቡ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ እመት ጥርኝ የምትባል ባለሙያ ነበረች። ባለሙያ ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም። ስታቦካ፣ ስትዳምጥ፣ ስትጋግር የሚያህላት አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍንጫዋ! ጨው በዛ፣ ስኳር አነሰ፣ ሄል ጎደለ፣ ሁሉንም በአፍንጫዋ ነበር የምታውቀው። ምላሷን አታስነካም። በዚህም ትኮራ ነበር፤ ኧረ እንዲያውም ትንጠባረር ነበር።

በዚያ ሸለቆ አንድ ደንብ ነበር። ገና ሲመጣ አንዱ ቤት ተራ ይደርሰውና ለጎረቤቱ ሁሉ የቅቤ ብስኩት ይጋግራል። የሚጋገረው በዋዜማው ነው፤ ዋዜማው ደግሞ ጾም ነው። ቅቤና እንቁላል የገባበትን ነገር ጋጋሪው አይቀምስም። ሲያቦካ ምራቁን ይውጣል፣ ሲጋግር ምራቁን ይውጣል፣ ሲነጋ ከሁሉም ጋር አብሮ ጾሙን ይፈታል። በብስኩቱ ላይም የየቤቱ ምልክት በስኳር ቅብ ይሳላል። ለእማማ ኤሊ የጀርባዋ ድንጋይ፣ ለአያ ጅቦ ነጠብጣቡ፣ ለአያ አይጥ ቀጭን ጭራው። አንዱ የሌላውን ቤት ምልክት አይበላም።

ዓመት ዞሮ ተራው እመት ጥርኝ ዘንድ ደረሰ። ስንት ጊዜ የጠበቀችው ቀን! ማለዳ ተነስታ ዱቄቱን ነፋች፣ ቅቤውን አለሰለሰች፣ እንቁላሉን ሰበረች፣ ስኳሩን ጨመረች። ሄሉን ጨመረችና አሸተተች፤ ምንም። የብርቱካን ልጣጭ ፍቃ ጨመረችና አሸተተች፤ ምንም። ቀረፋውን ነሰነሰችና አሸተተች፤ አሁንም ምንም! የገና ሰሞን ብርድ አይጣል ነው፤ ጉንፋን አፍንጫዋን ድፍን አድርጎታል።

ማማሰያው ሊጡ ውስጥ እንደተተከለ አያት።

«እመቤቴ፣ ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አፍንጫሽ ተደፍኗል አይደል? ታዲያ ምን ችግር አለው? የአያ አይጥን ትንሿን ልጅ፣ ምጥንን፣ ጥሪና አስቀምሻት። ሕፃን ናት፤ ጾም አልያዛትም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«እኔ? እኔ እመት ጥርኝ፣ የአይጥ ልጅ ጠርቼ ‹ጣፈጠ ወይስ አልጣፈጠም› ልበላት? አገር ምን ይለኛል?»

ግራ ቀኟን አየች። ማንም የለም። ማማሰያውን ከሊጡ መዘዘችና ጫፉን ላስ አደረገችው።

«ለሙያዬ ስል ነው» አለች። «ይኼ መብላት አይባልም።»

«ጾሙስ?» አለ ማማሰያው።

«ዝም በል!»

ሊጡን ዳመጠች፣ ቆረጠች፣ ትሪው ላይ ደረደረች፣ ምድጃው ውስጥ ከተተች። የመጀመሪያው ትሪ ወጣ። ብስኩቱ ወርቅ መስሏል። አንዱን አነሳች።

«እመት ጥርኝ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ትሪው።

«ውስጡ መብሰሉን ላይ ነዋ።»

«በስሏል። ሆዴ ላይ ተኝቶ የበሰለው፤ እኔን ጠይቂኛ!»

«ብረት ስለ ብስኩት ምን ያውቃል?» አለችና ቆረስ አደረገች። ቆረስ ያደረገችው አፏ ውስጥ ሟሟ። የቀረውን ደግሞ ለማን ታስቀምጠው? እሱንም ጎረሰችው። ትሪው አንገቱን ደፋ።

ከዚያስ? ከዚያማ ሰበብ መፈለጉንም ተወችው። ብዙ ቀን የጾመ ሆድ አንዴ ቅቤ ካገኘ ማን ያቆመዋል? አንድ አነሳች። «ይኼ ትንሽ ተሰንጥቋል» አለች። ሌላ አነሳች። «ይኼ ቅርጹ አላማረኝም» አለች። ሌላም አነሳች፤ ያን ጊዜ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ በላች። በር በሩን እያየች፣ ቶሎ ቶሎ እያላመጠች በላች።

የቀረውን ሊጥ ጋግራ ስትጨርስ ወደ ጌጡ ዞረች። የእንቁላሉን ነጭ ከላመ ስኳር ጋር መታች፤ ግማሹን በቀይ ሥር አቀላችው፣ ግማሹን በእርድ ቢጫ አደረገችው። ስንጥሯን ያዘች። ስንጥሯ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፣ የዘመናት ጓደኛዋ ነው። የእማማ ኤሊን ድንጋይ ሳለች፤ ውብ። የአያ ጅቦን ነጠብጣብ ሳለች፤ ውብ። የራሷን ቤት ምልክት፣ ዥንጉርጉሩን ጭራዋን፣ ሳለች፤ ውብ። እንዲህ እንዲህ እያለች የአያ አይጥ ቤት ተራ ሲደርስ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

ትሪው ባዶ ነው።

ዱቄቱን አየች፤ አልቋል። ቅቤውን አየች፤ አልቋል። የበላችው የአንድ ቤት ሙሉ ድርሻ ኖሯል! የአያ አይጥና የልጆቹ የበዓል ድርሻ ሆዷ ውስጥ ገብቷል።

በዚያች ሰዓት ሄዳ «አጥፍቻለሁ፣ የራሴን ውሰዱ» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔም ተረት አይኖረኝም ነበር። እሷ ግን አፈረች፤ ከማፈሯም የተነሳ ሌላ የባሰ ነገር አሰበች። «አይጥ ሰረቀ ቢባል ማን ይጠራጠራል?» አለች። «ከሰረቀ ደግሞ ድርሻውን በልቷል ማለት ነው። ሌላ አይገባውም።» ጉድ እኮ ነው! ሒሳቡ እንዴት እንዳማረላት አያችሁ?

መሬቱ ላይ ዱቄት በተነች። ስንጥሯን አነሳች።

«ምን ልትስይ ነው?» አለ ስንጥሩ።

«ዱካ።»

«የማንን ዱካ?»

ጫፉን ወደ ዱቄቱ አዞረችው።

«እመት ጥርኝ፣ እኔ እኮ የጌጥ ነኝ። በእኔ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ በእኔ ሰው አይከሰስም። በሞትኩት ተይኝ!»

«ዝም በል አልኩህ!»

ከመስኮቱ እስከ ትሪው፣ ከትሪው እስከ መስኮቱ፣ ትንንሽ የአይጥ እግር ሳለች። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ዕድሜ ልኳን እንዲያ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ነጋ። ጾም ተፈታ። ጎረቤቱ ሁሉ እመት ጥርኝ ደጃፍ ተሰበሰበ። አያ አይጥ ልጆቹን አሰልፎ መጣ፤ ፊታቸው ታጥቦ፣ ጭራቸው ተጠርጎ። ምጥን ከሁሉ ፊት ቆማ በእግሯ ጣት ትንጠራራ ነበር። እመት ጥርኝ ዓይኗን በጨው አጥባ ወጣች። ለእማማ ኤሊ ሰጠች፣ ለአያ ጅቦ ሰጠች፣ ለሁሉም ሰጠች። አያ አይጥ እጁን ዘረጋ። እሷ ወደ ቤቷ ልትመለስ ዞረች።

«የእኛስ፣ እመት ጥርኝ?»

«የእናንተማ ትናንት ተበልቷል» አለች። «ወጥ ቤቴ ገብታችሁ በልታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ትሰለፋላችሁ?»

አያ ጅቦ ሳቁን ለቀቀው። «ድሮስ! አይጥ አይደለም እንዴ!»

«ኧረ በሕግ!» አለ አያ አይጥ። «እኔ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ልጆቼም አልረገጡም። እመት ጥርኝ፣ ምነው? ምን አድርጌሽ?»

«ማስረጃ ከፈለግህ ግባና እይ።»

ተያይዘው ገቡ። ዱካው ዱቄቱ ላይ ቁልጭ ብሏል። እማማ ኤሊ፣ የሸለቆው ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብላ አየችው።

«የአይጥ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ነው፤ የልጅ እግር ነው።» ቀና አለችና ወደ ዕቃዎቹ ዞረች። «እናንተ እዚሁ ነበራችሁ። ምን አያችሁ?»

ማማሰያው ትሪውን አየ፣ ትሪው ስንጥሩን አየ፣ ሦስቱም እመት ጥርኝን አዩ።

«እኛ ያየነውን እሷም አይታለች» አለ ማማሰያው። «እሷ ትናገር።»

እመት ጥርኝ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አያ አይጥ ዱካውን ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ እሱም አመነ! በሰው ሁሉ ፊት ስለ ልጆቹ ሲሟገት የነበረ አባት፣ የተሳለውን እግር ሲያይ በልጆቹ ላይ ልቡ ሸፈተ። «ከእናንተ ማን ነው?» አለ። ልጆቹ ተጠጋግተው ቆሙ። «ማን ነው ያዋረደኝ?» የምጥንን እግር ያዘና ዱካው ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ።

«አንቺ ነሽ?»

«አባዬ…»

«አንቺ ነሽ ወይ?»

«አባዬ፣ እኔ በመስኮት አሸተትኩ እንጂ አልበላሁም» አለች ምጥን። «ማሽተት አይቻልም እንዴ? አይቻልም ካላችሁ ሁለተኛ አላሸትም።»

አያ አይጥ እጁን አነሳ። ልጆቹን መትቶ የማያውቅ አባት እጁን አነሳ።

«ተው!» አለች እመት ጥርኝ። «ተው አያ አይጥ! እጅህን አውርድ፣ እሷ አይደለችም!»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች እማማ ኤሊ።

እመት ጥርኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን ለእንዲህ ያለው ጊዜ መቼ ትከፈታለች?

«እኔ ነኝ» አለች። «የበላሁት እኔ ነኝ። አፍንጫዬን ጉንፋን ደፍኖት ነበር፤ እሱን መናገር አፍሬ ቀመስኩ። መቅመሴን አፍሬ በላሁ። መብላቴን አፍሬ በእናንተ ላይ አሳበብኩ። ዱካውንም በስንጥሬ የሳልኩት እኔው ነኝ።»

አያ ጅቦ እንኳ አልሳቀም። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም «ወይ ጉድ» አላላትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሁሉም ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ፤ ለእሷ እሱ ነው የከበዳት።

አያ አይጥ ወደ እሷ ዞሮም አላየም። ያነሳውን እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር የመሰለው። ከዚያ ልጁ ፊት ተንበረከከ።

«አላመንኩሽም» አላት። «አባትሽ ሆኜ አላመንኩሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ምጥን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አያ አይጥም በሰው ፊት አለቀሰ።

እመት ጥርኝ ያን አይታ መቆም አቃታት። የራሷን ቤት ብስኩት አመጣች። በላዩ የሳለችውን ዥንጉርጉር ጭራ ፋቀችና የተረፈውን ቅብ ይዛ ቀጭኑን የአይጥ ጭራ ለመሳል ተቀመጠች። መስመሩ ተጣመመ፣ ቅቡ ፈሰሰ። ያቺ የሙያ ንግሥት፣ አገር ሁሉ ቆሞ እያያት፣ እንደ ጀማሪ አበላሸችው። እንዳበላሸችውም በሁለት እጇ ለልጆቹ አቀረበች።

ምጥን አንዱን ተቀበለች። ግን አልበላችም። ቀና ብላ አየቻት። በቀል የለባትም፣ ማሽሟጠጥም አታውቅም፤ መጠየቅ ስለፈለገች ብቻ ጠየቀች።

«እትዬ ጥርኝ፣ የእኛ ብስኩት ጣፍጦሽ ነበር?»

እመት ጥርኝ መልሱን ፈለገች። ከዚያ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «እየፈራሁ ነው የዋጥኩት። ምን ምን እንደሚል እንኳ አላውቅም።»

ተረቴ ይኸው ነው። እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን ታጠፋላችሁ፤ የማያጠፋ የለም። ያጠፋችሁ ዕለት «እኔ ነኝ» ለማለት ፍጠኑ። የዘገየ «እኔ ነኝ» የሚደርሰው ሕፃን ካለቀሰ በኋላ ነው።